የባህል ማኅበር በካውንስል ሕንፃ ውስጥ ቦታ ሲከራይ፦ ከኪራዩ ቁጥር በፊት ምን ላይ እንደራደር?

በእንግሊዝ አገር ያለ የኢትዮጵያውያን የባህል ማኅበር ቋሚ ቦታ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የካውንስልን፣ ማለትም የአካባቢውን አስተዳደር፣ በር ነው። የሚሰጠውም የድሮ ቤተ መጻሕፍት ፎቅ፣ የወጣቶች ማዕከል አዳራሽ፣ ወይም የካውንስሉ ሠራተኞች ከሚሠሩበት ሕንፃ ተቆርሶ የተሰጠ አንድ ክንፍ ነው። ኮሚቴው ወደ ድርድር የሚገባው አንድ ጥያቄ ይዞ ነው፤ «በወር ስንት?» ማኅበርን ከቤቱ የሚያስወጣው ግን ብዙ ጊዜ የወሩ ኪራይ አይደለም። በጋራ ሕንፃ ውስጥ ገንዘቡ የሚያልቀው በጋራ ወጪ፣ በጥገና ግዴታ፣ በሰዓት ገደብ፣ እና ውሉ ባለቀ ማግስት በሚመጣ ሒሳብ ነው።

የሚከተለው ሁሉ ለእንግሊዝ ነው፤ ስኮትላንድ የራሷ ሕግ አላት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ግቢ ውስጥ ክፍል የተሰጣቸው ማኅበራት ጉዳያቸው የተለየ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ለብቻው ተጽፏል።

የሚፈርመው ማን ነው?

ያልተመዘገበ ማኅበር በሕግ ፊት ሰው አይደለም፤ በስሙ የኪራይ ውል መያዝ አይችልም። ስለዚህ ሊቀ መንበሩ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በግል ስማቸው ይፈርማሉ። ማኅበሩ መክፈል ቢያቅተው ዕዳው የሚጠየቀው ከእነሱ ነው። ከኮሚቴው በምርጫ ቢወርዱም ውሉ በአግባቡ ለሌላ እስካልተላለፈ ድረስ ስማቸው እዚያው ነው። ይህን ሳያውቁ የፈረሙ ሰዎች ከዓመታት በኋላ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ይደነግጣሉ።

መፍትሔው ከድርድሩ በፊት ሲ.አይ.ኦ. ተብሎ የሚጠራውን የበጎ አድራጎት ድርጅት ዓይነት ማቋቋም ነው። ከ2013 ጀምሮ የሚሠራበት አደረጃጀት ነው፤ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት አለው፣ ውል በስሙ ይፈርማል፣ ለመመዝገብም ዝቅተኛ የገቢ መጠን አይጠየቅም። የመተዳደሪያ ደንቡን ሞዴል የበጎ አድራጎት ኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ። ምዝገባው ወራት ሊወስድ ስለሚችል ቦታ ማፈላለግ በጀመራችሁበት ሳምንት ማመልከት ነው። ካውንስሉ ከዚያ በኋላ «የግል ዋስ አምጡ» ካለ እሺ አትበሉ፤ ሲ.አይ.ኦ. ያቋቋማችሁት ከዚሁ ለመዳን ነው። በምትኩ የሦስት ወር ኪራይ በማስያዣ አቅርቡ።

ላይሰንስ ወይስ ሊዝ?

ካውንስሎች ላይሰንስ ይወዳሉ። ላይሰንስ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው፤ በአጭር ማስጠንቀቂያ፣ ብዙ ጊዜ በአራት ሳምንት፣ ሊቋረጥ ይችላል። ሊዝ ግን በቦታው ላይ መብት ይሰጣል። ልዩነቱን የሚወስነው ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ርዕስ አይደለም። በወቅቱ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በ1985 «ስትሪት ከማውንትፎርድ» በተባለው ጉዳይ እንደወሰነው፣ ቦታውን ለብቻችሁ ይዛችሁ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ በኪራይ ከተቀመጣችሁ «ላይሰንስ» ቢባልም ኪራይ ነው። በዚህ ብቻ ተማምናችሁ ግን አትፈርሙ፤ ፍርድ ቤት ማሸነፍ የሚቻለው ለጠበቃ የሚከፈል ሲኖር ነው።

ቅዳሜና እሑድ አዳራሽ ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ላይሰንስ ይበቃችኋል። ቢሮ፣ የራሳችሁ ቁልፍ፣ የመጻሕፍትና የከበሮ ማስቀመጫ ካላችሁ ግን ሁለቱን አጣምሩ፤ ለቢሮውና ለዕቃ ክፍሉ ሊዝ፣ ለአዳራሹ ደግሞ ሰዓቶቹ ተዘርዝረው ከሊዙ ጋር የሚታሰር የመጠቀም መብት። «የሚታሰር» የምንለው ሊዙ እስካለ ድረስ አዳራሹ ለብቻው እንዳይነጠቅ ነው። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ካልገባች ካውንስሉ አዳራሹን ለሌላ ሰጥቶ እናንተን ቢሮ ውስጥ ሊያስቀራችሁ ይችላል።

የ1954ቱ የአከራይና ተከራይ ሕግ ውሉ ሲያልቅ የማደስ መብት ይሰጣል። ካውንስሉ ግን ይህን መብት እንድትተዉ መጠየቁ አይቀርም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ይሰጣችኋል፤ ወረቀቱ ውሉ ከመፈረሙ ከ14 ቀን በፊት ከደረሳችሁ ተራ መግለጫ ትፈርማላችሁ፤ ከዚያ ካነሰ ደግሞ ገለልተኛ ጠበቃ ፊት ቀርባችሁ ቃለ መሐላ መስጠት አለባችሁ። መብቱን መተው ግዴታ ከሆነባችሁ በነፃ አትተዉት፤ በምላሹ ረዘም ያለ ዘመን፣ ወይም ካውንስሉ በየትኛውም ጊዜ ውሉን የሚያቋርጥበት አንቀጽ እንዲወጣ ጠይቁ።

ቅናሽ በልመና አይገኝም

ኮሚቴዎች «ድሆች ነን፣ እርዱን» ብለው ይጀምራሉ። የካውንስሉ የንብረት ክፍል ባለሙያ አዘነም አላዘነም እጁ የታሰረ ነው። የ1972ቱ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ አንቀጽ 123 ካውንስል ንብረቱን ሊያገኝ ከሚችለው የተሻለ ዋጋ በታች እንዳይሰጥ ይከለክላል። ሁለት መውጫ ግን አለ። አንደኛው፣ ከሰባት ዓመት ያልበለጠ ኪራይ ከዚህ ክልከላ ውጪ ነው። ሁለተኛው፣ በ2003 የወጣው አጠቃላይ ፈቃድ ነው፤ ለአካባቢው ኢኮኖሚያዊ፣ ማኅበራዊ ወይም አካባቢያዊ ደኅንነት የሚጠቅም ከሆነ እስከ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ድረስ ቀንሶ መስጠት ይቻላል። ባለሙያው የሚያስፈልገው ፋይሉ ውስጥ የሚያስገባው ማስረጃ ነው። ያንን እናንተ ጽፋችሁ ስጡት።

ሁለት ገጽ ይበቃል። በሳምንት ስንት ሰው ይመጣል፣ ስንቱ በዚያ ካውንስል ውስጥ የሚኖር ነው፣ ስንት ልጅ አማርኛ ይማራል፣ ስንት አረጋዊ የሐኪም ደብዳቤ ይተረጎምለታል፤ ሁሉም በቁጥር። የበጎ ፈቃድ ሰዓትን አስሉ፤ 20 ሰው በሳምንት 3 ሰዓት ለ40 ሳምንት ቢሠራ 2,400 ሰዓት ነው። ያንን ለሎንዶን ኑሮ ይበቃል ተብሎ በሚሰላው የሰዓት ደመወዝ («ሎንዶን ሊቪንግ ዌጅ») አባዙት፤ ካውንስሉ ቀጥሮ ቢያሠራ የሚያወጣው ያን ያህል ነው ማለት ነው። የመገኘት መዝገብ የሌለው ማኅበር እዚህ ላይ ባዶ እጁን ነው፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በር ላይ ደብተር አስቀምጡ።

ቅናሹ በምን መልክ እንደሚመጣ ደግሞ ከመጠኑ ይልቅ ያሳስባል። ብዙ ካውንስሎች ውሉ ላይ ሙሉውን የገበያ ኪራይ ጽፈው ልዩነቱን በድጎማ ይመልሳሉ። ድጎማው በየዓመቱ የሚታደስ፣ ሊዙ ግን የአምስት ዓመት ከሆነ፣ በሦስተኛው ዓመት ድጎማው ሲቀር በገበያ ዋጋ ታስራችሁ ትቀራላችሁ። ቅናሹ ሊዙ ውስጥ ይጻፍ፤ ይህ ካልሆነ ድጎማው በቀረ በሦስት ወር ውስጥ ያለ ቅጣት የመውጣት መብት ይሰጣችሁ። የኪራይ ማሻሻያ አንቀጹንም ተመልከቱ። በ6,000 ፓውንድ ጀምራችሁ አንቀጹ «በገበያ ዋጋ ይስተካከላል» የሚል ከሆነ ቅናሹ የሚቆየው እስከዚያች ቀን ብቻ ነው። ማሻሻያው በሸማቾች ዋጋ መለኪያ ይሁን፣ ጣሪያም ይበጅለት፤ በዓመት 3 በመቶ ተገቢ ጥያቄ ነው።

እንግሊዞች ለስም ያህል የሚከፈልን ኪራይ «የቁንዶ በርበሬ ኪራይ» ይሉታል። ቢሰጣችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ግን እንዲህ ያለው ውል አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያውንም ቦይለሩንም እናንተ እንድትጠግኑ ያስገድዳል። ቁንዶ በርበሬውን ከፍሎ ጣሪያ መግዛት ማለት ነው።

የጋራ ወጪ፦ ዋናው ጦርነት እዚህ ነው

ሰርቪስ ቻርጅ የሚባለው የሕንፃው ማሞቂያ፣ ጽዳት፣ ጥበቃ፣ ሊፍት፣ መድንና ጥገና ተደምሮ ለተጠቃሚዎች የሚከፋፈለው ነው። ካውንስሉ የሚያቀርበው ስሌት በወለል ስፋት ነው። በየቀኑ ለሚሠራ ቢሮ ይህ ፍትሐዊ ነው፤ በሳምንት መጨረሻ ብቻ ለሚመጣ ማኅበር ግን አይደለም። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የሕንፃው የጋራ ወጪ በዓመት 90,000 ፓውንድ ነው፤ የእናንተ አዳራሽ የሕንፃውን 30 በመቶ ይይዛል። በስፋት ብቻ ከተሰላ 27,000 ትከፍላላችሁ። ሕንፃው ግን በሳምንት 60 ሰዓት ክፍት ሲሆን እናንተ የምትጠቀሙት 12 ሰዓት፣ ማለትም 20 በመቶውን ነው። የ30 በመቶ 20 በመቶ 6 በመቶ ይሆናል፤ ይህም 5,400 ፓውንድ ነው። ልዩነቱ 21,600 ነው። ከወር ኪራዩ ላይ 50 ፓውንድ ለማስቀነስ ሁለት ሰዓት የተከራከረ ኮሚቴ ይህን ስሌት ሳያነሳ ሊፈርም ይችላል።

ስፋቱንም ራሳችሁ ለኩ። በሌዘር ሜትር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የተጣራ ስፋት ኮሪደርን፣ ደረጃን፣ ሊፍትንና መጸዳጃን አይጨምርም፤ የካውንስሉ የድሮ ፕላን ግን አንዳንዴ ሁሉንም ጠቅልሎ ይዟል። 140 ካሬ ሜትር ከተባለው ውስጥ 22ቱ የጋራ ኮሪደር ከሆነ፣ ካሬው በ150 ፓውንድ ሒሳብ በየዓመቱ 3,300 ፓውንድ ለማትጠቀሙበት ትከፍላላችሁ።

ከጋራ ወጪው እንዲወጡ በስም የሚጠቀሱት እነዚህ ናቸው፦ የጣሪያና የቦይለር መተካት፣ የአስቤስቶስ ማስወገድ፣ ባዶ የተቀመጡ ክፍሎች ድርሻ፣ በሥራ ቀን ለካውንስሉ እንግዳ መቀበያ የሚቆሙ ጥበቃዎች፣ ምድር ቤት ላይ ከሆናችሁ ሊፍት። ካውንስሉ ለራሱ የሚይዘው የአስተዳደር ክፍያ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ፤ የእናንተ ድርሻ ላይ እንዳይጨመር ተከራከሩ። ያለፉትን ሦስት ዓመታት ሒሳብ ሳታዩ በጀት አትሥሩ። ለትንሽ ማኅበር ከሁሉ የሚሻለው ግን ሁሉን ያካተተ አንድ ኪራይ ነው። ትንሽ ከፍ ቢልም ጥር ላይ ያልታሰበ የጋዝ ሒሳብ አይመጣም።

አከፋፈሉም ራሱን የቻለ ነጥብ ነው። በቆየው የእንግሊዝ ልማድ ኪራይ በሩብ ዓመት አስቀድሞ የሚከፈለው ማርች 25፣ ጁን 24፣ ሴፕቴምበር 29 እና ዲሴምበር 25 ነው። ወርኃዊ መዋጮ ለሚሰበስብ ማኅበር ይህ ትንፋሽ ያሳጣል። በየወሩ እንዲሆን ብትጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ አይከለከልም፤ ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አያነሳላችሁም።

ሰዓት፣ በዓል፣ ዕጣን

የካውንስል ሕንፃ በፋሲካችን እሑድ ዝግ ሊሆን ይችላል፤ ገናችን ጃንዋሪ 7 ተራ የሥራ ቀን ነው። የበዓል ቀኖችን ከውሉ ጋር በአባሪ አያይዙ፤ ሲጻፉም «ሴፕቴምበር 11 ወይም 12»፣ «ጃንዋሪ 19 ወይም 20» ተብለው ይሁን። እንቁጣጣሽ በዘመነ ዮሐንስ መግቢያ በአንድ ቀን ይገፋል፤ ጥምቀትም በዚያው ዘመን እንዲሁ ነው። በፋሲካ በኩል ደግሞ «እንደ ኢትዮጵያ ቀመር፣ ከስድስት ወር በፊት በጽሑፍ የሚገለጽ» ማለት ይበቃል። ከሥራ ሰዓት ውጪ በር የሚከፍተው ኬርቴከር የትርፍ ሰዓት ክፍያው ስንት እንደሆነና በማን ላይ እንደሚወድቅ ቁጥሩ ይጻፍ። ከተቻለ ሁለት የሠለጠኑ አባሎቻችሁ ቁልፍና የማንቂያ ደወል ኮድ እንዲይዙ አድርጉ፤ ብዙ ወጪ የሚቀንሰው ይህ ነው።

ጠጅ ወይም ቢራ የምትሸጡ ከሆነ አዳራሹ ቋሚ የመጠጥ ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ። ከሌለው በ2003ቱ የፈቃድ ሕግ ጊዜያዊ የዝግጅት ማስታወቂያ ታስገባላችሁ፦ ክፍያው 21 ፓውንድ፣ ጣሪያው 499 ሰው፣ ቢያንስ ከ10 የሥራ ቀን በፊት። ብዙዎች የሚዘነጉት ለቦታው ራሱም ገደብ እንዳለው ነው። አንድ ቦታ በዓመት 15 ማስታወቂያ ብቻ ይፈቀድለታል፤ ሕንፃውን የሚጋራችሁ ሌላ ማኅበር እስከ ኦገስት ጨርሶት ከሆነ የእንቁጣጣሽ ዝግጅታችሁን ውኃ ይበላዋል። ስለዚህ ከ15ቱ ስንቱ የእናንተ እንደሆነ ውሉ ውስጥ ይቀመጥ።

የቡና ሥነ ሥርዓት ትልቁ የጠብ ምንጭ ነው። የዕጣን ጢስ የጢስ ጠቋሚውን ያስጮኸዋል፤ ሕንፃው በሙሉ ይወጣል፤ ካውንስሉም በሁለተኛው ጊዜ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ውሉ ውስጥ «ቡና እንደ ባህላችን እናፈላለን» ማለት አይበቃም። ቡናው የሚፈላበት ክፍል ላይ የጢስ ሳይሆን የሙቀት ጠቋሚ እንዲተከል ጠይቁ፤ የ2005ቱ የእሳት ደኅንነት ደንብ የሚጠይቀው የአደጋ ግምገማ ላይም ይጻፍ። ከሰልን ተዉት፤ ጢሱ ብቻ ሳይሆን የማይታየው ካርቦን ሞኖክሳይድም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገድላል። ዕጣኑ በኤሌክትሪክ ማጤሻ ይጢስ።

ምጣድም ሒሳብ አለው። የእንግሊዝ ሶኬት 13 አምፔር ነው፤ በ230 ቮልት ሲባዛ 3 ኪሎ ዋት አይሞላም። ከአገር ቤት የመጣ 3.5 ኪሎ ዋት ምጣድ በተራ ሶኬት ላይ ከተሰካ ከአቅሙ በላይ ስለሆነ ፊውዙን ሊያቃጥል ይችላል። ለብቻው የተዘረጋ መስመር ያስፈልጋል፤ ይህን መዘርጋት «የተከራይ ማሻሻያ» ስለሚባል የካውንስሉን የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱም ውሉ ሲያልቅ ነቅላችሁ እንድትሄዱ እንዳትገደዱ የሚል ቃል ይዞ ይምጣ።

ቢዝነስ ሬትና ቫት

የተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት ቦታውን ለዓላማው የሚጠቀምበት ከሆነ ከቢዝነስ ሬት፣ ማለትም መኖሪያ ባልሆነ ቦታ ላይ ከሚጣለው ግብር፣ 80 በመቶ ይነሳለታል፤ ቀሪውን 20 ካውንስሉ በፈቃዱ ሊተውለት ይችላል። በጋራ ሕንፃ ግን ወጥመድ አለ። ቦታችሁ ለብቻው ካልተገመተ ከፋዩ ካውንስሉ ነው፤ ድርሻችሁን በጋራ ወጪ ውስጥ ሙሉውን ያስገባባችኋል፣ ቅናሹም አይደርሳችሁም። ሊዝ ያለው ክፍል ለብቻው እንዲገመት ጠይቁ፤ አልያም ሬቱ ከጋራ ወጪው ይውጣ።

ካውንስሉ በሕንፃው ላይ ቫት ለመጠየቅ የመረጠ ከሆነ ኪራዩ ላይ 20 በመቶ ይጨመራል። ቦታውን ለንግድ ባልሆነ የበጎ አድራጎት ሥራ ብቻ ለሚጠቀም ማኅበር ይህ አይመለከተውም፤ ነገር ግን ለቢሮነት የሚውለው ክፍል ከዚህ ነፃነት ውጪ ነው፣ በክፍያ የሚሰጥ ትምህርትም ንግድ ሊባል ይችላል። ከመፈረማችሁ በፊት ለካውንስሉ በጽሑፍ አሳውቁ።

ሲገቡ ፎቶ፣ ሲወጡ ሒሳብ

«ሙሉ ጥገና በተከራይ» የሚል ውል ያረጀ ቤት ተቀብላችሁ አዲስ አድርጋችሁ እንድትመልሱ ሊያስገድድ ይችላል። መከላከያው ስኬጁል ኦፍ ኮንዲሽን የሚባለው መዝገብ ነው፦ የእያንዳንዱ ግድግዳ፣ መስኮት፣ ወለልና ራዲያተር ፎቶ፣ ቀን ተጽፎበት፣ በሁለቱም ወገን ተፈርሞ ከውሉ ጋር የታሰረ። ስልክ ውስጥ የቀረ ፎቶ አይረዳም። ግዴታችሁም «ከዚህ መዝገብ በተሻለ ሁኔታ እንዲመልሱ አይገደዱም» ተብሎ ይጻፍ።

የማቋረጫ አንቀጽ ላይ ደግሞ ቅድመ ሁኔታዎቹን አሳንሱ። ኪራዩ ተከፍሎ፣ ቦታውን ባዶ አድርጎ ማስረከብ ይበቃል። «ሁሉም ግዴታዎች ከተፈጸሙ» የሚል ከሆነ አንድ ያልተቀባ በር መብታችሁን ሊያስቀር ይችላል። ማስታወቂያውም በትክክለኛው ቀን፣ ውሉ ላይ በተጻፈው አድራሻ ይድረስ፤ አንድ ቀን ካለፈ ፍርድ ቤት አይራራም።

የድርድሩ አካሄድ

መጀመሪያ የስምምነት ነጥቦችን የያዘ አንድ ወረቀት ይዘጋጃል፤ ጠበቃ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የቀያሾችና ገማቾች ማኅበር፣ ሪክስ፣ በ2020 ያወጣው የንግድ ኪራይ ደንብ አባላቱ ነጥቦቹን በጽሑፍ እንዲያቀርቡና ባለሙያ የሌለውን ተከራይ ምክር እንዲፈልግ እንዲያሳስቡ ያስገድዳል። የካውንስሉ ቀያሽ የሪክስ አባል ከሆነ ይህን በትሕትና አስታውሱት። ኢሜይሎቻችሁ ሁሉ አናት ላይ «ሰብጀክት ቱ ኮንትራክት»፣ ማለትም ውሉ እስኪፈረም አያስገድድም፣ ተብሎ ይጻፍባቸው፤ ያለዚያ በችኮላ የጻፋችሁት «እሺ» እንደ ውል ሊቆጠር ይችላል። ሳይፈረም ቀለም አትቀቡ፣ ወንበር አታስገቡ። ባለሙያው በቃል «ችግር የለም» ካላችሁ በዚያው ቀን «ዛሬ እንዳሉን…» ብላችሁ በኢሜይል ላኩለት፤ ሰውየው ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል፣ በቃል ያለ ይረሳል። ውሉ ከሦስት ዓመት በላይ ከሆነ በዲድ፣ ማለትም በምስክር ፊት በሚፈረም መደበኛ ሰነድ፣ መልክ መሆን አለበት፤ ከሰባት በላይ ከሆነ ደግሞ መሬት መዝገብ ይገባል። ካውንስሉ የራሱን የጠበቃ ወጪ እንድትከፍሉለት ከጠየቀ እምቢ በሉ፤ ካልሆነም ጣሪያ አብጁለት።

ክፍሉ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ግቢ ውስጥ ከሆነ

ይህ ሌላ ዓለም ነው። የ1961ዱ የቪየና ስምምነት አንቀጽ 22 የሚሲዮኑን፣ ማለትም የኤምባሲውን፣ ግቢ የማይደፈር ያደርገዋል፤ ኤምባሲው አንድ ቀን በሩን ቢቆልፍባችሁ የአገሩ ፖሊስ ገብቶ አይከፍትላችሁም። የእንግሊዝ ፍርድ ቤትም በ1978ቱ የመንግሥታት ያለመከሰስ ሕግ ምክንያት የሚሲዮን ግቢ ይዞታን አይዳኝም። ስለዚህ ማንኛውም መብት በእጃችሁ ያለው ወረቀትና የግንኙነታችሁ ጥንካሬ ነው። ከአምባሳደሩ ጋር ብቻ አትስማሙ፤ አምባሳደር ይለወጣል። ስምምነቱ የኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን የጽሑፍ ይሁንታ ይያዝ።

አንቀጽ 41 ግቢው ከሚሲዮኑ ተግባር ጋር በማይስማማ ሥራ እንዳይውል ይከለክላል። የባህል ግንኙነት በአንቀጽ 3 ከሚሲዮኑ ተግባራት አንዱ ስለሆነ ኤግዚቢሽንና የቋንቋ ትምህርት ያስኬዳል፤ ምግብ ቤት ግን አያስኬድም። በቆንስላ ሕንፃ ውስጥ ከሆነ የ1963ቱ ስምምነት አንቀጽ 55 ሌላ ድርጅት እንዲገባ በግልጽ ይፈቅዳል፤ ሁኔታው ቦታው ከቆንስላው የተለየ መሆኑ ነው። የተለየው ክፍል ታዲያ የቆንስላ ግቢ አይባልም፤ የግብር ነፃነትም የለውም፣ የአካባቢው የእሳት ተቆጣጣሪም ይገባበታል። የትኛው በር፣ የትኛው ኮሪደር የማን እንደሆነ በፕላን ላይ በቀለም ይለይ።

ይህ መደባለቅ ምን እንደሚያመጣ ብሪቲሽ ካውንስል የተባለው የብሪታንያ የባህልና የትምህርት ድርጅት የሩሲያ ቅርንጫፎች አይተውታል። በክፍያ በሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት ግብርና በሕጋዊ አቋማቸው ላይ የተነሳው ጭቅጭቅ ዓመታት ቆይቶ፣ በጃንዋሪ 2008 የሴንት ፒተርስበርግና የየካተሪንበርግ ቢሮዎች ተዘጉ። ከበስተጀርባው በሁለቱ መንግሥታት መካከል የነበረ ጠብ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ሰበብ ሆኖ ያገለገለው ግን ያልጠራው ሕጋዊ አቋም ነው። የመግቢያ ገንዘብ ወይም የትምህርት ክፍያ የምትቀበሉ ከሆነ ገቢው በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ እንጂ በኤምባሲው እንዳያልፍ።

አንድ ነገር ደግሞ ከሕግ ውጪ ነው። በፖለቲካ ምክንያት ኤምባሲ ግቢ የማይረግጥ አባል በየከተማው አለ። ነፃ ክፍል ተገኘ ብሎ ግማሹን ሰው ማጣት ኪሳራ ነው፤ ከመስማማታችሁ በፊት በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ይሰጥበት። ከገባችሁም የምታስገቡትን መጽሐፍ፣ ከበሮ፣ ክራርና ፕሮጀክተር በዝርዝር ጽፋችሁ በኤምባሲው ማኅተም አስመቱ። የዝርዝሩን ዋና ቅጂ፣ የአባላት መዝገቡንና የባንክ ወረቀቶቹን ደግሞ ከግቢው ውጪ አስቀምጡ።